ፋጅ ዲስፕሌይ

ፋጅ ዲስፕሌይ ባክቴሪያን በሚያጠቁ ቫይረሶች ማለትም በፋጆች ገጽ ላይ የተለያዩ ፕሮቲኖች እንዲወጡ በማድረግ፣ ከአንድ ከተፈለገ ዒላማ ጋር የሚጣበቀውን ፕሮቲን ከብዙ ቢሊዮን መካከል ለይቶ ለማግኘት የሚያገለግል የቤተ ሙከራ ዘዴ ነው። በተለይ ለመድኃኒትነት የሚውሉ ፀረ እንግዳ አካላትን ወይም አንቲቦዲዎችን ለመፈለግ ይጠቅማል። ከፋጅ ሕክምና ጋር መምታታት የለበትም፤ በዚያኛው በሽተኛው ራሱን ፋጁን ይወስዳል፣ በዚህኛው ግን ፋጁ ከቤተ ሙከራ አይወጣም።

መሠረተ ሐሳብ

አንድ ፕሮቲን ብቻውን ቢገኝ በየትኛው ዘረመል እንደተሠራ በቀላሉ አይታወቅም፤ ፕሮቲንን እንደ ዲኤንኤ ማባዛትም አይቻልም። በፋጅ ዲስፕሌይ ፕሮቲኑ ከውጭ ሲታይ፣ የተሠራበት ዘረመል በዚያው ፋጅ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ፕሮቲኑን የያዘ ዘረመሉንም ያዘ ማለት ነው።

አብዝቶ የሚያገለግለው ኤም13 የተባለው ፋጅ ነው። እንደ ክር የቀጠነ ሲሆን ርዝመቱ 900 ናኖሜትር፣ ውፍረቱ 7 ናኖሜትር ገደማ ነው። ክሩን ዙሪያውን የሚሸፍነው 2,700 ያህል ቅጂ ያለው ፒ8 ፕሮቲን ነው፤ በአንደኛው ጫፍ ደግሞ 5 ያህል የፒ3 ቅጂዎች አሉ። እንግዳው ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ የሚቀጠለው በፒ3 ላይ ነው። ኤም13 ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ይወርራል እንጂ አይገድለውም። ባክቴሪያው እየኖረ ፋጅ ስለሚያፈልቅ፣ ማታ የተዘራው ለጠዋት በብዛት ይደርሳል።

ታሪክ

የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲው አሜሪካዊ ጆርጅ ስሚዝ በ1985 እ.ኤ.አ. ባዕድ የዲኤንኤ ቁራጭ በፒ3 ዘረመል መካከል አስገባ። ፋጁ የቁራጩን ፕሮቲን በገጹ ላይ አወጣ፤ ያንን ፕሮቲን የሚያውቅ አንቲቦዲም ይህን ፋጅ ከተራ ፋጆች ይልቅ ከ1,000 ጊዜ በላይ አጥርቶ ለየው።

በ1990 በእንግሊዝ ካምብሪጅ ግሬጎሪ ዊንተርና ባልደረቦቹ የአንቲቦዲን ተጣባቂ ክፍል በፋጅ ላይ አወጡ። ችግሩ አሳሳቢ ነበር። ከ1975 ጀምሮ ንጹሕ አንቲቦዲ የሚገኘው ከአይጥ ሕዋሳት ስለነበር፣ የበሽተኛው ሰውነት መድኃኒቱን ራሱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋው ነበር። በአዲሱ መንገድ ግን የሰው አንቲቦዲ ዘረመሎችን ከደም ሕዋሳት ወስዶ፣ እንስሳ ሳይከተቡ መምረጥ ተቻለ። ስሚዝና ዊንተር የ2018ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ግማሽ ተካፈሉ፤ ሌላው ግማሽ የፍራንሲስ አርኖልድ ነበር።

አሠራር

በመጀመሪያ ላይብረሪ የሚባል ክምችት ይዘጋጃል፤ በውስጡ ከ1 ቢሊዮን በላይ ዓይነት ፋጆች ሊኖሩ ይችላሉ። ክምችቱ ዒላማው በተለጠፈበት ሳህን ላይ ይፈስሳል። ያልተጣበቁት ታጥበው ይሄዳሉ፤ የተጣበቁት በአሲድ ተላቅቀው በባክቴሪያ ይባዛሉ፣ ከዚያም እንደገና ይፈስሳሉ። ሥራው ወርቅን ከአሸዋ እንደ ማጠብ ነው፤ አንድ እጥበት አይበቃም፣ ከ3 እስከ 5 ዙር ይደጋገማል። በየዙሩ እጥበቱ ስለሚጠነክር በመጨረሻ የሚቀሩት አጥብቀው የያዙት ናቸው።

በመድኃኒት ላይ ያለው ድርሻ

ዋነኛው ምሳሌ በ2002 መጨረሻ በአሜሪካ ለሩማቶይድ አርትራይተስ የተፈቀደው አዳሊሙማብ ነው። ሙሉ በሙሉ ከሰው ዘረመል የተሠራ የመጀመሪያው ፈቃድ ያገኘ አንቲቦዲ ሲሆን፣ ብግነትን የሚያባብሰውን ቲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን ይይዛል። የሚገርመው ፍለጋው የተጀመረው ከአይጥ አንቲቦዲ መሆኑ ነው፦ የአይጡን አንዱን ሰንሰለት ለመሪነት አስቀርተው ጓደኛውን ከሰው ላይብረሪ መረጡ፤ ቀጥሎም የቀረውን በዚሁ መንገድ ተኩ። ለሉፐስ የሚሰጠው ቤሊሙማብም የዚህ ዘዴ ውጤት ነው። በ2009 የተፈቀደው ኤካላንታይድ ደግሞ አንቲቦዲ ሳይሆን አነስተኛ ፕሮቲን ነው።

ውስንነት

ዘዴው የሚመርጠው የሚጣበቀውን እንጂ የሚፈውሰውን አይደለም። አንዳንዴ እስከ መጨረሻው ዙር የሚዘልቀው ከዒላማው ጋር ሳይሆን ከሳህኑ ፕላስቲክ ጋር የተጣበቀ ፋጅ ሆኖ ይገኛል። በሌላ በኩል ኢ. ኮላይ በሰው ፕሮቲኖች ላይ የሚገኙትን የስኳር ሰንሰለቶች አይሠራም። ስለዚህ የተመረጠው አንቲቦዲ ዘረመል ወደ አጥቢ እንስሳ ሕዋስ ተዛውሮ፣ ሙሉው አንቲቦዲ እዚያ ተመርቶ እንደገና ይፈተናል፤ በፋጅ ላይ ጎበዝ የነበረውም በዚህ ደረጃ ሊወድቅ ይችላል።