ጎርደን ፓርክስ፡ በካሜራ የታገለው ሰው

ጎርደን ፓርክስ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስታውሱት እ.ኤ.አ. በ1971 ዳይሬክት ያደረገውን «ሻፍት» የተሰኘ ፊልም ነው። እኔ ግን ሰውየውን ይበልጥ የምትገልጸው በ1942 ዋሽንግተን ውስጥ ያነሳት አንዲት ፎቶግራፍ ናት እላለሁ።

ኤላ ዋትሰን የተባለች ጥቁር የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛ በአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ፊት መጥረጊያ ይዛ ቆማለች። አቋቋሟ ግራንት ዉድ በ1930 የሣለውን፣ መንሽ የያዘ ነጭ ገበሬ የሚታይበትን «አሜሪካን ጎቲክ» ያስታውሳል። ፓርክስ መንሹን በመጥረጊያ ሲተካ፣ የአገሪቱ መገለጫ በተባለው ሥዕል ውስጥ ያልነበረውን ሰው አስገባ። በዚህም አላበቃም፤ ቤቷና ቤተ ክርስቲያኗ ድረስ ሄዶ ኑሮዋን በፎቶግራፍ መዘገበ።

በ1912 ካንሳስ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ የተወለደው ፓርክስ፣ ፎቶግራፍን የተማረው በራሱ ነው። በ1948 የ«ላይፍ» መጽሔት የመጀመሪያው ጥቁር ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ተቀጠረ። በ1969 የልጅነት ሕይወቱን መነሻ ያደረገ ልቦለዱን «ዘ ለርኒንግ ትሪ»ን ፊልም ሲያደርገው፣ የፊልም ጽሑፉንም ሙዚቃውንም ራሱ አዘጋጀ። ለትልቅ የሆሊውድ ስቱዲዮ ፊልም ዳይሬክት ያደረገ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ያሰኘውም ይኸው ሥራው ነው።

በ2006 በ93 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ሙያው ቢበዛም፣ በእኔ እምነት ሥራው አንድ ነበር፤ ሌሎች አይተው ያለፉትን ሰው ማሳየት።