በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን፦ ሞተርና ባትሪው ለደጋና ለቆላ

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞዴል አውሮፕላን ኃይሉን የሚያገኘው ከአራት ዕቃዎች ነው፦ ከባትሪው፣ ከፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ ከሞተሩና ከፕሮፔለሩ። አራቱ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱን ነጥሎ መምረጥ አይቻልም። ብዙ ጀማሪ ግን መጀመሪያ ሞተር ይገዛል፣ ከዚያ ለሞተሩ ባትሪ ይፈልጋል፣ በመጨረሻ ሁለቱን የሚሸከም አውሮፕላን ይሠራል። ትክክለኛው መንገድ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ምርጫው ከአውሮፕላኑ ክብደት ይጀምራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ከክብደቱ ቀጥሎ የሚበርበት ቦታ መታወቅ አለበት፤ ጎንደር ከተማ ላይ በደንብ የሚሠራ አውሮፕላን ወደ ቆላው ቋራ ወርዶ ገለጉ ከተማ ላይ ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

በኤሌክትሪክ ኃይልና በሬዲዮ ትእዛዝ የበረ የመጀመሪያው ሞዴል ተብሎ በስፋት የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው ኮሎኔል ታፕሊን በሰኔ ወር 1957 እ.ኤ.አ. ያበረረው «ሬዲዮ ኩዊን» ነው። ባትሪው የብርና የዚንክ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኒኬል ባትሪዎች አገለገሉ፤ ክብደታቸው ከሚሰጡት ኃይል ጋር ስለማይመጣጠን ግን አብዛኛው ሰው በነዳጅ የሚሠራውን ትንሽ ሞተር ይመርጥ ነበር። ሁኔታው የተለወጠው ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሊቲየም ፖሊመር ባትሪና ካርቦን የሌለው ሞተር በርካሽ ሲገኙ ነው።

ለክብደቱ ስንት ዋት ያስፈልጋል? ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ለመለማመጃ አውሮፕላን 150 ዋት ገደማ ይበቃል፤ ለሚገለባበጥ ስፖርት አውሮፕላን ከ200 በላይ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ አየር ላይ ለሚቆም ደግሞ ከ300 በላይ ይፈለጋል። ክብደት ሲባል ባትሪው፣ የአውሮፕላኑን መሪዎች የሚያንቀሳቅሱት ሰርቮዎቹና ሙጫው ሳይቀሩ የሚመዘኑበት ነው። ባዶውን ፎም መዝኖ ሞተር የመረጠ ሰው አውሮፕላኑ ከመሬት አልነሳ ሲለው ሞተሩን ይወቅሳል።

ሞተሩ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ከአሮጌ ቴፕና ከመጫወቻ መኪና የሚወጣው ካርቦን ያለው ሞተር ነው፤ ካርቦኑ እየተፋቀ ኃይል ያባክናል፣ ይሞቃል፣ ቶሎ ያልቃል። ከጥቂት አሥርት ግራሞች ለማይበልጥ አውሮፕላን ካልሆነ በቀር ጥቅሙ እምብዛም ነው። ዛሬ በብዛት የሚገጠመው ካርቦን አልባው፣ ማለትም ብራሽለስ ሞተር ነው። ጥቅል ሽቦው መሐል ላይ ቆሞ፣ ማግኔት የተለጠፈበት የውጭ ቆብ በዙሪያው ይሽከረከራል። የሚወጡት ሦስት ሽቦዎች ናቸው፤ ሁለቱን ቦታ ማለዋወጥ አዟዟሩን ይገለብጠዋል።

በብዙ ሞተሮች ላይ እንደ «2212» ያለ ቁጥር ይጻፋል። ይህ የመሐለኛው ብረት 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 12 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው ማለት ነው፤ ብረቱ በተለቀ ቁጥር ሞተሩ የሚችለው ኃይል ይጨምራል። ከጎኑ የሚጻፈው ኬቪ ደግሞ ሞተሩ ያለ ሸክም በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረውን ይነግራል። 1000 ኬቪ የሆነ ሞተር በ11.1 ቮልት 11,100 ዙር ይዞራል፤ ፕሮፔለር ሲገጠምለት ወደ 8,000 ገደማ ይወርዳል። ኬቪ የጉልበት መለኪያ አይደለም። ከፍተኛ ኬቪ ለትንሽና ለፈጣን ፕሮፔለር፣ ዝቅተኛ ኬቪ ለሰፊና ለዝግተኛ ፕሮፔለር ይስማማል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ 2200 ኬቪ ገዝቶ ባለ 10 ኢንች ፕሮፔለር የገጠመበት ሰው ከሞተሩ የሚያየው ጭስ ነው።

ፕሮፔለር ላይ «10 በ4.5» ሲል ስፋቱ 10 ኢንች ነው። 4.5 የሚለው ፒች ይባላል፤ አየሩ ባይንሸራተትበት ኖሮ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደውን ርቀት ያሳያል። በ8,000 ዙር ይህ ፕሮፔለር በሰዓት ወደ 55 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አየር ይገፋል፤ ለቀላል መለማመጃ አውሮፕላን ይበቃል። የስፋቱ ተጽዕኖ ግን ከሚገመተው በላይ ነው። ዙሩ ሳይለወጥ ስፋቱ ከ10 ወደ 11 ኢንች ቢያድግ፣ ከሞተሩ የሚፈልገው ኃይል በግማሽ ያህል ይጨምራል።

ደጋና ቆላ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በፋብሪካ ሠንጠረዥ የሚወጣው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በባሕር ጠለል አቅራቢያ የተለካ ነው። አዲስ አበባ፣ ቦሌ፣ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ በ20 ዲግሪ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠለሉ 74 በመቶ ገደማ ነው። ጎንደርም ብዙ አይርቅም፤ 76 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። መተማና አካባቢው፣ ገለጉን ጨምሮ፣ ከፍታቸው ወደ 700 ሜትር ስለሆነ በጠዋት ቅዝቃዜ 90 በመቶ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ 85 በመቶ ገደማ ነው። በፋብሪካው ሠንጠረዥ 850 ግራም ይገፋል የተባለ ፕሮፔለር በዚያው ዙር ቦሌ ላይ ከ630 ግራም ብዙም አያልፍም። ክንፉም በሳሳ አየር ለመንሳፈፍ መፍጠን አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ 16 በመቶ፣ ገለጉ ከሰዓት በኋላ 9 በመቶ ያህል።

የደጋ ሰው ለዚህ የሚያገኘው መፍትሔ ፕሮፔለሩን ማስፋት ነው፤ ከ10 ወደ 11 ኢንች። በሳሳ አየር ሞተሩ ይችለዋል። ይኸው አውሮፕላን ግን ገለጉ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል። ጎንደር ላይ ከሚያስፈልገው ኃይል ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚበልጥ ይጠይቃል፣ ጭነቱም የሚበዛው ቀዝቀዝ ባለው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ጭነቱ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ግን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ራሱ 40 ዲግሪ ነው። የተራ ሞተር ማግኔት ከ80 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ጉልበቱን ለዘለቄታው ሊያጣ ስለሚችል፣ ደጋ ላይ በ55 ዲግሪ የሚሠራ ሞተር ቆላ ላይ ያንን ድንበር ይነካል። ስለዚህ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ሁለት ፕሮፔለር ይዞ ቢወርድ ይሻላል፤ ሰፊውን ለደጋ፣ ጠባቡን ለቆላ።

ይህን በግምት መሥራት አያስፈልግም። ዋት መለኪያ የሚባል በባትሪውና በፍጥነት መቆጣጠሪያው መካከል የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ አለ። አውሮፕላኑ በደንብ ይታሰራል፤ ማንም ከፕሮፔለሩ ፊት ለፊትም ሆነ ከጎኑ አይቆምም፤ ለሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ሙሉ ኃይል ይሰጠዋል፣ ከዚያ አምፔሩ ይነበባል። ባትሪው ከተነቀለ በኋላ የሞተሩ ቆብ በጣት ይነካል። ጣት አልይዝ ካለ ፕሮፔለሩ ሰፍቷል።

ለምሳሌ ክብደቱ አንድ ኪሎ የሆነ መለማመጃ አውሮፕላን ቢወሰድ 150 ዋት ይፈልጋል። ይህ ኃይል በሁለት ሴል ባትሪ 20 አምፔር፣ በሦስት ሴል 14፣ በአራት ሴል 10 አምፔር ገደማ ይሆናል። አምፔር ሲቀንስ ሽቦና ማያያዣ ላይ የሚባክነው ሙቀት ይቀንሳል፤ ሴል ሲበዛ ደግሞ ዋጋና ክብደት ይጨምራል። በዚህ መጠን ላለ አውሮፕላን ሦስት ሴል፣ ባለ 1000 ኬቪ 2212 ሞተርና 10 በ4.5 ፕሮፔለር የተለመደ ጥምረት ነው። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ለ14 አምፔር 20 ቢሆን በደጋ ይበቃል፤ ለገለጉ ሙቀት ግን 30 መውሰድና ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ማሰር ይገባል። የዋጋ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ በበረራ መሐል የተቃጠለ መቆጣጠሪያ ግን ሰርቮዎቹን ጭምር ያለ ኃይል ስለሚያስቀር አውሮፕላኑን ይዞ ይወድቃል።

የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ አንድ ሴል አማካይ ቮልቴጁ 3.7 ነው፤ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል፣ ከ3 በታች ከወረደ ይበላሻል። «3 ኤስ» ማለት ሦስት ሴል በተከታታይ ተያይዟል፣ 11.1 ቮልት ነው ማለት ነው። 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው የሚይዘውን መጠን ይናገራል። ከዚህ ሰማንያ በመቶውን ብቻ መጠቀም ደንብ ነው፤ በአማካይ 7 አምፔር ከተወሰደ ሩብ ሰዓት ያህል ያበርራል። «25 ሲ» የሚለው ደግሞ ባትሪው በአንድ ጊዜ የመጠኑን 25 እጥፍ ጅረት ይሰጣል ማለት ነው። በወረቀት ላይ 55 አምፔር ይሆናል፤ ሻጮች ይህን ቁጥር ማጋነን ስለሚወዱ ግማሹን ማመን ይበቃል፣ ለ14 አምፔር ያም ተርፎ ይሄዳል። ከተበላሸ ላፕቶፕ የወጡ ክብ የሊቲየም ሴሎች በመጠን ቢመሳሰሉም ብዙዎቹ ከጥቂት አምፔር በላይ መስጠት አይችሉም፤ ለመብራት እንጂ ለመነሳት አይሆኑም።

ቆላ ላይ ይበልጥ የሚጎዳው ባትሪው ነው፤ ጉዳቱም በበረራ ላይ አይታይም። ሙቀት የውስጥ መቋቋሙን ስለሚቀንስለት ሊፖ በሞቃት አየር እንዲያውም ጎበዝ ይመስላል። የሚያረጀው ተቀምጦ ሳለ ነው። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ መጋቢትና ሚያዝያን በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የከረመ ባትሪ ውስጡ ጋዝ ፈጥሮ እንደ ትራስ ያብጣል። ለማስቀመጥ በየሴሉ ወደ 3.8 ቮልት ማውረድና በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ ለምሳሌ ከውኃ ማሰሮው አጠገብ ባለ ደረቅ ቦታ፣ በብረት ሣጥን ማኖር ይጠቅማል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ በቀላሉ 60 ዲግሪ ስለሚሞቅ እዚያ መተው ክልክል ነው። ከበረራ የተመለሰ ባትሪም እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቻርጅ አይደረግም።

ቻርጀሩ ሴሎቹን አንድ በአንድ የሚያመጣጥን መሆን አለበት። 2200ው በ2.2 አምፔር በአንድ ሰዓት ገደማ ይሞላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከ12 ቮልት የመኪና ወይም የሶላር ባትሪ የሚሠራ ቻርጀር ይመረጣል፤ ባትሪው የሚይዘው 24 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ አንድ የመኪና ባትሪ ብዙ ጊዜ ይሞላዋል። የሊፖ እሳት አንዴ ከተነሳ ለማጥፋት እጅግ ስለሚያስቸግር ሳር ቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ደጅ፣ ጥላ ሥር፣ በድንጋይ ወይም በአሸዋ ላይ፣ ሰው እያየው ነው። ያበጠ ባትሪ አይበሳም፣ ቻርጅም አይደረግም።

ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ነው የሚመጣው። በአውሮፕላን ሲመጣ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ልዩ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ለድሮንና ለመሰል በራሪ ግን ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የመጣውን ጉምሩክ ይይዘዋል። መተማና ቋራ የሱዳን ድንበር ላይ ናቸው፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ስደተኞች በዚያ በኩል ገብተዋል፤ የአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግጭት ውስጥ ነው። ሰማይ ላይ የሞተር ድምፅ የሰማ ሰው መጫወቻ ነው ብሎ አያስብም። ሰሊጥ ተሰብስቦ ባዶ የሚቀረው ሰፊ ማሳ ለማረፊያ የሚመች ቢሆንም፣ ከአካባቢው አስተዳደርና ከጸጥታ አካላት ፈቃድ ሳይገኝ እዚያ ማብረር ለአብራሪውም ለጎረቤቱም አደጋ ነው። እስከዚያው ድረስ ሞተሩን፣ ፕሮፔለሩንና ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስሮ በዋት መለኪያ መፈተን ይቻላል፤ ምርጫው ትክክል መሆን አለመሆኑ እዚያው ይለያል።