ከኬሞ በኋላ ልብንም እንይ

የጡት ካንሰር ሕክምና የወሰደች እናት ስትደክም «ኬሞው ነው»፣ «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ካጠራት፣ እግሯ ካበጠ፣ ማታ ትራስ ካልደራረበች መተኛት ካቃታት ግን ልቧ መመርመር አለበት።

በቀይ ቀለሙ የሚታወቀው ዶክሶሩቢሲን ካንሰሩን አጥብቆ ይዋጋል፤ የልብን ጡንቻ ግን ሊያዳክም ይችላል። አደጋው የሚጨምረው እየተደመረ በሚሄደው መጠን ነው። ለጡት ካንሰር በተለመደው 4 ዙር የሚሰጠው በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 240 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን፣ የዕድሜ ልክ ጣሪያው ከ450 እስከ 550 ነው። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላም ብቅ ሊል ይችላል። ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒትም ልብን ያደክማል፤ እሱ ሲቆም ግን ልብ ብዙ ጊዜ ያገግማል።

ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም በልጅነት ቶንሲል ያመጣው የልብ ሕመም ካለ ለሐኪሙ ይነገር። የልብ አልትራሳውንድ መቼ መቼ እንደሚደረግ ይጠየቅ። የወሰደችው መድኃኒት ስምና መጠን የተጻፈበት ወረቀት አይጣል፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ይፈልገዋል።

ይህን ፈርቶ ሕክምናውን በራስ ማቋረጥ ግን ካንሰሩን መልቀቅ ነው። መድኃኒት የሚቀይረውም የሚያቆመውም ሐኪም ብቻ ነው። ልብ መድከሙ በጊዜ ከታወቀ መድኃኒት አለው።

ልጆች ሆይ፣ እናታችሁን «ደህና ነሽ ወይ?» ብቻ አትበሏት፤ እናት መቼም «ደህና ነኝ» ነው መልሷ። ጫማዋ ጠቧት እንደሆነ፣ በስንት ትራስ እንደምትተኛ ጠይቋት።