ፍልስፍና በሁለት ዓመት ኮሌጅ፦ የካሊፎርኒያ የዝውውር ሥርዓት

በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባለው ተቋም በሕዝብ ገንዘብ የሚደገፍ፣ አመልካቾችን በውጤት ሳያበላልጥ የሚቀበልና በአብዛኛው የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ ነው። ከእነዚህ የመንግሥት ኮሌጆች ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ የተቋቋመው ሲሆን፣ የኋለኞቹም እንደ እርሱ ሁለት ተግባር አጣምረው ይሠራሉ፤ በአንድ በኩል እንደ ነርስነትና የመኪና ጥገና ባሉ ሙያዎች ያሠለጥናሉ፣ በሌላ በኩል የባችለር ዲግሪን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት አስተምረው ተማሪውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ያሸጋግራሉ። ይህ ሽግግር ዝውውር ይባላል፤ ፍልስፍናም በእነዚህ ኮሌጆች ጸንቶ የቆየው በዋነኛነት በዝውውር ምክንያት ነው።

ሥርዓቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው ግዛቶች አንዷ ካሊፎርኒያ ናት። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣችው ማስተር ፕላን የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቿን በሦስት እርከን ስትከፍል፣ በምርምር ላይ የሚያተኩረው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛ ደረጃ ተመራቂዎች የላይኛውን ስምንተኛ እጅ፣ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የላይኛውን ሲሶ እንዲቀበሉ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ግን ለማንኛውም ተማሪ በራቸውን ክፍት እንዲያደርጉ ተወስኗል። በዚህ ምክንያት በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ውጤቱ ያልፈቀደለት ወይም ገንዘቡ ያልበቃው ሰው በኋላ ሊገባበት የሚችለው መንገድ ዝውውር ሆኗል።

ፍልስፍና በዚህ መንገድ ላይ ሰፊ ቦታ እንዲይዝ ካደረጉት ውሳኔዎች አንዱ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው መመሪያ ነው። መመሪያው ሁሉም ተማሪዎች በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ ቢመረቁ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ማለትም አንድን ሙግት ከመቀበል ወይም ከመጣል በፊት መነሻውንና መደምደሚያውን ለይቶ የመመርመር ችሎታ፣ እንዲማሩ ያስገድዳል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዱት የሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ኮርስ ጋር የሚቀራረበውን ይህን ትምህርት በብዙ ኮሌጆች የሚሰጠው የፍልስፍና ክፍል በመሆኑ፣ ፍልስፍናን ዋና ትምህርቱ የሚያደርገው ተማሪ ጥቂት ቢሆንም መምህሩ ክፍሉ ሞልቶ ያስተምራል።

ፍልስፍናን ዋና ትምህርቱ ለሚያደርገው ተማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሕግ የዝውውር ዲግሪ የሚባል የሁለት ዓመት ዲግሪ አስገኝቶለታል። ዲግሪው 60 ዩኒት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ዩኒት በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በሳምንት አንድ የክፍል ሰዓትን የሚወክል መለኪያ ነው፤ አብዛኛው የፍልስፍና ኮርስም ሦስት ዩኒት ይይዛል። የግዛቲቱ ነዋሪ ለአንድ ዩኒት 46 ዶላር ስለሚከፍል ጠቅላላው የመመዝገቢያ ክፍያ 2,760 ዶላር ይሆናል፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ ከዚህም ክፍያ ነጻ ሊደረግ ይችላል። ዲግሪውን የያዘ ሰው በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ እንደሚያገኝ ሕጉ ዋስትና ቢሰጠውም፣ ዋስትናው እርሱ የመረጠውን ካምፓስ የሚመለከት አይደለም።

ከ60 ዩኒቶች ውስጥ ቢያንስ 18ቱ የዋናው ትምህርት ሲሆኑ ከእነርሱ መካከል ሎጂክ የማይታለፍ ነው። ከሎጂክ ሌላ ሰው ሊያደርገው የሚገባውንና የማይገባውን የሚመረምረው ሥነ ምግባር፣ ከሶቅራጥስ በፊት ከነበሩት ጠቢባን እስከ አርስቶትልና ከእርሱ በኋላ እስከመጡት የሚዘልቀው የጥንት ፍልስፍና ታሪክ፣ እንዲሁም ከዴካርት እስከ ካንት ያለው የዘመናዊ ፍልስፍና ታሪክ የተለመዱ ኮርሶች ናቸው። እንደ ሜታፊዚክስና የዕውቀት ፍልስፍና ያሉ ጥልቅ ኮርሶች በብዛት የሚሰጡት በዩኒቨርሲቲው ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ስለሆነ፣ በኮሌጅ የጀመረው ተማሪ የሚያጣው የመምህራን ምርምርን ቅርበት እንጂ የትምህርቱን መሠረት አይደለም።

አደጋው ያለው በኮርስ ምርጫ ላይ ነው። አንድ የኮሌጅ ኮርስ በዩኒቨርሲቲው የትኛውን ኮርስ እንደሚተካ የሚወሰነው ተቋማቱ በሚያደርጉት የአቻነት ስምምነት ሲሆን፣ ስምምነቶቹም አሲስት በተባለው የግዛቲቱ የመረጃ ቋት ተመዝግበው ይገኛሉ። ተማሪው ይህን አስቀድሞ ሳያጣራ የሚወስደው ኮርስ ዩኒቱ ቢቆጠርለት እንኳ የዋናውን ትምህርት ግዴታ ላይሞላለት ይችላል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱን መመዘኛ ይከተላል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚሰጡት ዘጠኝ ካምፓሶቹ ስድስቱ የዝውውር ዋስትና ውል ሲዋዋሉ፣ በርክሊ፣ ሎስ አንጀለስና ሳንዲያጎ ግን አይዋዋሉም። ትናንሽ ኮሌጆች የታሪክ ወይም የምልክታዊ ሎጂክ ኮርሶችን በየሴሚስተሩ ላይከፍቱ ስለሚችሉም ከመጀመሪያው ሴሚስተር ማቀድ ያስፈልጋል።

በአንጻሩ ይህ አካሄድ ለሚያመነታ ተማሪ ከብዙ ሌሎች ዘርፎች ይልቅ የተመቸ ነው። ምህንድስና የመረጠ ሰው ረጅም የሒሳብና የፊዚክስ ኮርሶችን ሰንሰለት ተከትሎ ከመሐል ቢያቋርጥ ብዙ ጊዜ ሊባክንበት ሲችል፣ አብዛኞቹ መግቢያ የፍልስፍና ኮርሶች ግን ለጠቅላላ ትምህርት ግዴታም ስለሚቆጠሩ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሕግ ነክ ወይም ወደ ታሪክ ትምህርት የሚዞር ተማሪ ከወሰዳቸው ኮርሶች አብዛኞቹን ይዞ ይቀጥላል።