ያ ነጭ ጭስ፣ ጭስ አይደለም! እቤት በተሠራች አውሮፕላን ላይ «የጭስ ሲስተም» እንዴት ይገጠማል?

ቪዲዮው አላጋጠማችሁም አይባልም። አንዲት ትንሽዬ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ትገለባበጣለች፣ ከኋላዋ ወፍራም ነጭ መስመር ትጎትታለች፣ መጨረሻ ላይ ልብ ስላ ትሄዳለች። ኮሜንት ውስጥ ደግሞ አንድ የሚጨነቅ ሰው አይጠፋም፦ «ኧረ እየተቃጠለች ነው!»

እየተቃጠለች አይደለም። እንዲያውም የምታዩት ነገር ጭስ ራሱ አይደለም። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት አውሮፕላኖች ደግሞ ከፋብሪካ ተሠርተው የወጡ ሳይሆኑ ሰዎች ጋራዣቸው ውስጥ የገጣጠሟቸው ናቸው። እስቲ ነገሩን ከመጀመሪያው እንየው። ምክንያቱም ሥራው ቀላል ቢመስልም አንድ ነገር ከተሳሳተ የሚከፈለው ሕይወት ነው።

እቤቱ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው አለ እንዴ?

አለ፣ በሺዎች። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል። ሰውየው ለመማር ወይም ለመዝናናት ብሎ የሥራውን አብዛኛውን ክፍል ራሱ ከሠራ፣ የአገሪቱ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ኤፍ.ኤ.ኤ. አውሮፕላኗን «ኤክስፐሪመንታል» በሚል ምድብ ይመዘግብለታል። በሙያው ሰዎች ዘንድ ይሄ «የ51 በመቶ ሕግ» ይባላል፤ ከግማሽ በላዩ የራስህ ሥራ ይሁን ማለት ነው።

በጣም የታወቁት «አር ቪ» የሚባሉት ናቸው። ኦሪገን ግዛት ያለው ቫንስ ኤርክራፍት ክፍሎቹን በሣጥን ይልክላችኋል፣ ሪቬት እየመታችሁ የምትገጣጥሙት እናንተ ናችሁ። እስካሁን ተሠርተው የበረሩት አር ቪዎች ከ11 ሺህ በላይ ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ማኅበር ኢ.ኤ.ኤ. ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በፖል ፖበረዝኒ የተመሠረተ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ዊስኮንሲን ግዛት ኦሽኮሽ ከተማ ትልቅ ትርኢት ያዘጋጃል። ቪዲዮዎቹ በብዛት ከዚያ ነው የሚመጡት።

እኛም አገር ነገሩ ባዳ አይደለም። መጽሐፍ እያነበበ፣ ዩቲዩብ እያየ በራሱ እጅ አውሮፕላን የሠራው የአስመላሽ ዘፈሩ ዜና ከዓመታት በፊት ከአገር አልፎ ዓለም አቀፍ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ነበር።

ታዲያ ነጩ ነገር ምንድነው?

ጀበና ሲፈላ አፉን በደንብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ አፉ ጋ ምንም አይታይም። ነጩ እንፋሎት የሚጀምረው ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። አፉ ጋ ያለው ውኃ ገና ትኩስ ጋዝ ስለሆነ አይታይም፤ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይቀየራል፣ ያኔ ነጭ ሆኖ ይታያል።

የአውሮፕላኑም ይኸው ነው፣ በውኃ ፋንታ ዘይት መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ዘይት በግፊት ወደ ጋለው የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ መካኒኮቻችን ማርሚታ ወደሚሉት፣ ይረጫል። ከትንሽ አውሮፕላን ሞተር የሚወጣው ጋዝ ከሲሊንደሩ አጠገብ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ዘይቱ እዚያ ሲገባ ወዲያው ይተናል፤ ውጭ ወጥቶ ቀዝቃዛ አየር ሲነካው ደግሞ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይመለሳል። ስለዚህ የምታዩት የዘይት ጉም ነው።

እዚህ ጋ ሁለት ጥያቄ ይነሳል።

አንደኛ፣ ሰማያዊ ጭስ የምታወጣ አሮጌ ሚኒባስ ስናይ «ዘይት ትበላለች፣ ሞተሯ አልቋል» እንላለን። ይሄስ ሞተሩን አይጎዳም? አይጎዳም። የሚኒባሷ ዘይት ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቃጠለው። እዚህ ግን ዘይቱ የሚገባው ጋዙ ከሞተሩ ከወጣ በኋላ ነው፣ ሲሊንደሩን ጨርሶ አይነካውም።

ሁለተኛ፣ እንደዚያ የጋለ ቦታ ዘይት ሲረጭ ለምን አይነድም? ለመንደድ ኦክስጅን ያስፈልጋል። ማርሚታው ውስጥ ያለው ጋዝ ኦክስጅኑ አብዛኛው ሞተሩ ውስጥ አልቋል። ይቺን ነጥብ ያዟት፣ ወደኋላ እንመለስባታለን፤ ምክንያቱም ከቱቦው ውጭ ኦክስጅን ሞልቷል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 እንግሊዝ ውስጥ ሲረል ተርነር የተባለ አብራሪ ከኤፕሰም የፈረስ እሽቅድምድም በላይ የአንድ ጋዜጣ ስም በጭስ ጽፎ ነበር። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ሰማይ ላይም ጽፏል። ማስታወቂያ በሰማይ የተጀመረው እንደዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ፖምፓውም ዘይቱም ተሻሽሏል፣ መሠረታዊ አሠራሩ ግን ብዙም አልተለወጠም።

ዕቃዎቹ ምን ምን ናቸው?

ዝርዝሩ አጭር ነው፦

1. የዘይት መያዣ። አብዛኛውን ጊዜ 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ከመቀመጫ ኋላ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የሚታሰር።
2. ፊልትሮ። ቆሻሻ ገብቶ አፍንጫውን እንዳይዘጋ።
3. በ12 ቮልት የሚሠራ ፖምፓ፣ ከነፊውዙ።
4. ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ። ፖምፓው ጠፍቶ ሳለ ዘይት በራሱ እየተሳበ እንዳይፈስ የሚያደርገው እሱ ነው።
5. ማርሚታው ላይ የሚገባ የመርጫ አፍንጫ።
6. ማብሪያና ማጥፊያ። አብራሪው እጁን ከመሪው ሳያነሳ እንዲደርስበት ብዙዎች መሪው ዘንግ ላይ ነው የሚያደርጉት።

አጠቃቀሙን ለማወቅ ደግሞ እንዲህ አስሉት። ትንሽ አውሮፕላን ጭስ ስታወጣ በደቂቃ ከ2 እስከ 4 ሊትር ዘይት ትጨርሳለች። 20 ሊትር ማለት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ለዚህ ነው አብራሪዎቹ ሙሉውን ጊዜ ሳይሆን እየቆራረጡ የሚለቁት።

የትኛው ዘይት?

ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን፣ በደንብ የተጣራ የፓራፊን ዘይት አለ። በቀላሉ ይተናል፣ ሽታው ትንሽ ነው፣ ቀለም አያበላሽም። ናፍታ የሚጠቀሙም አሉ፤ የእንግሊዝ አየር ኃይል የትርኢት ቡድን ሬድ አሮውስ ራሱ ናፍታ ሲጠቀም ኖሯል፣ ቀይና ሰማያዊ ለማውጣት ቀለም እየቀላቀለበት። ግን እነሱ ጄት ናቸው፣ ከኋላቸው የቴክኒሻን ሠራዊት አለ። ለጋራዥ ሠሪ ናፍታ ይሸታል፣ የአውሮፕላኑን ሆድ ያቆሽሻል፣ ከጭስ ዘይቱ ይልቅም ቶሎ እሳት ይይዛል። ርካሽ ነው ብሎ ናፍታ ከመቀመጫ ኋላ ማስቀመጥ ጥሩ ቁጠባ አይደለም።

ቀዳዳው የት ይበሳ?

ጭሱ ወፍራም ይሁን ሳሳ ያለ፣ የሚወስነው ይሄ ነው። አፍንጫው ማርሚታው መጨረሻ ላይ ከሆነ ዘይቱ ለመትነን ጊዜ አያገኝም፣ ግማሹ ሳይተን ወጥቶ የአውሮፕላኑን ሆድ ይቀባል። ወደ ሞተሩ ጠጋ ሲል ቱቦው ይበልጥ ይሞቃል፣ ዘይቱም ረዘም ያለ መንገድ ይጓዛል፤ ጭሱ ይወፍራል።

ግን የማርሚታው ብረት ቀልድ አይወድም። ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሌት ተቀን ይንቀጠቀጣል። በደንብ ያልተበየደ ወይም ያለ ቦታው የተበሳ ቀዳዳ ስንጥቅ ይጀምራል። ስንጥቁ ደግሞ የጋለ ጋዝ ይተፋል፤ ከጋዙ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ከሰል ዘግተው ሲተኙ የሚገድለው እሱ ነው። አይሸትም፣ አይታይም። ሞተሩንና አብራሪውን የሚለየው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ላይም ለዘይት ቱቦው ቀዳዳ ሲበሳ ዙሪያው እሳት በሚቋቋም ነገር መደፈን ያለበት ለዚህ ነው። ኮክፒት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ማድረግም ግድ ይላል።

አሁን ወደ ኦክስጅኗ እንመለስ። ቱቦው ውስጥ የማይነደው ዘይት ከቱቦው ውጭ፣ የጋለ ብረት ላይ ቢንጠባጠብ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ባለበት በኩል ያለው መስመር ሁሉ እሳት የሚቋቋም ልባስ የለበሰ ቱቦ፣ መገጣጠሚያውም ብረት መሆን አለበት። ተራ የፕላስቲክ ቱቦ እዚያ አይገባም። በቃ።

ብዙ ሰው የማያስበው፦ ሚዛን

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ክፍል ይሄ ነው። እሳቱን ሁሉም ይፈራል፣ ክብደቱን ግን ማንም አያየውም።

አውሮፕላን እንደ ሚዛን ናት። ክብደቷ ከተፈቀደው በላይ ወደኋላ ከሄደ አፍንጫዋ ወደላይ መነሳት ይወዳል፣ ለመቆጣጠር ትቸግራለች፣ ፍጥነት አጥታ መውደቅ ከጀመረች ደግሞ ላትመለስ ትችላለች።

ለምሳሌ እናስላ። አውሮፕላኗ አብራሪና ነዳጅ ይዛ 700 ኪሎ ናት እንበል፣ የክብደቷ ማዕከል ከመነሻው ነጥብ 2 ሜትር ላይ ነው። 20 ሊትር ዘይት 17 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከነመያዣውና ከነፖምፓው 22 ኪሎ እንበለው። ይሄን 3 ሜትር ላይ፣ ከኋላ አስቀመጥነው።

700 ሲባዛ በ2፣ 1400። 22 ሲባዛ በ3፣ 66። ድምሩ 1466፣ ለ722 ሲካፈል 2.03 ሜትር።

ማዕከሉ 3 ሴንቲሜትር ወደኋላ ሄደ። «ለ3 ሴንቲሜትር ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ከፊት ወሰን እስከ ኋላ ወሰን የተፈቀደው ጠቅላላ ርቀት 20 ሴንቲሜትር አካባቢ ሊሆን ይችላል። ኋላ መቀመጫ ላይ ሰው ካለ ቀድሞውንም ወሰኑ ጋ ተጠግታለች።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ አር ቪዎች ነዳጃቸውን የሚይዙት ክንፉ ፊት ለፊት ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ ነዳጅ ባለቀ ቁጥር ሚዛኑ ወደኋላ ይሄዳል። ስለዚህ አደገኛው ሰዓት ስትነሳ ላይሆን ይችላል፤ ነዳጁ አልቆ፣ የጭስ ዘይቱ ግን ሳይነካ፣ ከኋላ ሰው ተቀምጦ ለማረፍ ስትመጣ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ በሁሉም ሁኔታ መሠራት አለበት፦ ዘይት ሞልቶ፣ ዘይት አልቆ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ ነዳጅ አልቆ።

ማሰሪያውም እንዲሁ። ያ 17 ኪሎ ዘይት አውሮፕላኗ በ4 ጂ ስትታጠፍ 68 ኪሎ ይሆናል። አንድ ጎልማሳ ሰው ማለት ነው፣ ከአብራሪው ጀርባ። በላስቲክ ገመድ የሚያዝ ነገር አይደለም።

ወረቀቱና ሙከራው

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ማንም ሰው ሥራ መሥራት ይችላል። በየዓመቱ የሚደረገውን ምርመራ ግን መፈረም የሚችለው ፈቃድ ያለው መካኒክ ወይም ለራሷ አውሮፕላን የጥገና ሰርተፊኬት ያገኘው ሠሪዋ ነው። አዲስ ነገር ሲገጠም መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ የክብደትና የሚዛን ወረቀቱ እንደገና ይሠራል። ለውጡ ክብደቷን፣ ሚዛኗን ወይም አበራረሯን በሚታይ ደረጃ የሚነካ «ትልቅ ለውጥ» ከሆነ ደግሞ ለኤፍ.ኤ.ኤ. ይነገራል፣ አውሮፕላኗም ቢያንስ ለ5 ሰዓት ወደ ሙከራ በረራ ትመለሳለች፣ ያለ ተሳፋሪ።

የመጀመሪያው ሙከራ መሬት ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነው። ቱቦው ከአፍንጫው ይነቀልና ባልዲ ውስጥ ይገባል፣ ፖምፓው ይበራል፣ በስልክ አንድ ደቂቃ ይያዛል። ስንት ሊትር ወጣ? የት ይንጠባጠባል? ይሄ ሳይታወቅ ሰማይ ላይ ማብራት የለም።

ከዚያ በረራ። ከፍ ብሎ፣ ማረፊያው በቅርብ ሆኖ፣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ላይ እያለ። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም፦ መጀመሪያ ጉልበት፣ ከዚያ ጭስ። ሲያበቃም መጀመሪያ ጭሱ ይጠፋል፣ ከዚያ ጉልበት ይቀነሳል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ ዘይቱ አይተንም፣ ዘይት ሆኖ ይፈሳል። ሞተሩ ከተበላሸ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው ጭሱ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ለአየር ማረፊያው ተቆጣጣሪዎች ቀድሞ መንገር። አለበለዚያ ከታች ሆኖ «አውሮፕላን እየተቃጠለ ነው» ብሎ ለእሳት አደጋ የሚደውል ደግ ሰው አይጠፋም።

ቀጣዩ ቪዲዮ ሲመጣላችሁ እንግዲህ ከማርሚታው አፍ እስከ ነጩ ጭስ ያለችውን ባዶ ቦታ ፈልጓት። ዘይቱ ገና ጋዝ የሆነበት ቦታ ነው፣ ልክ እንደ ጀበናው። ኮሜንት ላይ «ተቃጠለች» ለሚለው ሰውዬም ይሄን ላኩለት።