የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃን መመዘን፦ የምንወደውን ስንመርጥ የምንለካው ምኑን ነው?

መግቢያ

የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃ ከጨዋታው ተነጥሎ፣ ራሱን ችሎ መደመጥ ከጀመረ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ኮይቺ ሱጊያማ ለ«ድራገን ኩዌስት» የደረሷቸው ዜማዎች እ.ኤ.አ. በ1987 በቶክዮ በኦርኬስትራ ኮንሰርት ቀርበዋል። በ2021 በተካሄደው የቶክዮ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የየአገሩ ልዑካን፣ የኢትዮጵያ ልዑክም ጭምር፣ ወደ ስታዲየሙ የገቡት በጃፓን ጨዋታዎች ሙዚቃ ታጅበው ነበር። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኮጂ ኮንዶ ለ«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የደረሱትን ዋና ዜማ በብሔራዊ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አካትቶታል፤ ከጨዋታ ሙዚቃ ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ ይፋዊ ዕውቅናዎች ጎን ለጎን አድማጮች ራሳቸው የሚያካሂዱት ምዘና አለ። የሚወዱትን ዜማ ለወዳጅ ያካፍላሉ፣ ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ፣ አንደኛና ሁለተኛ እያሉ በተራ ይደረድራሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የመዝናኛ ጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል። ይሁን እንጂ የትኛው ሥራ በኮንሰርት እንደሚቀርብ፣ የትኛው ለትውልድ እንደሚቆይ፣ የትኛው አቀናባሪ ስሙ እንደሚታወቅ የሚወሰነው በከፊል በእንዲህ ያለው የምርጫ ድምር ነው። ስለዚህ «ይህ ከሁሉ ይበልጣል» ሲባል የሚለካው ምን እንደሆነ መመርመር ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ በአንድ ነጥብ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ የሚል ነው፤ እነዚህም የሥራው ጥበብ፣ አድማጩ ከሥራው ጋር ያሳለፈው ጊዜና የሌሎች አድማጮች ድምፅ ናቸው።

ማብቂያው ያልታወቀ ሙዚቃ

ዘፈን መነሻና መድረሻ አለው። የጨዋታ ሙዚቃ አቀናባሪ ግን ተጫዋቹ አንዱን ደረጃ በሁለት ደቂቃ ይጨርስ ወይም ግማሽ ሰዓት ይቆይበት አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ምክንያት አብዛኛው የጨዋታ ሙዚቃ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር እየተገጣጠመ እንዲዞር ሆኖ ይዘጋጃል፤ ከዚያም አልፎ በጨዋታው ውስጥ ለሚፈጠረው ሁኔታ ምላሽ እንዲሰጥ ይጠበቅበታል።

ለዚህ ጥንታዊው ምሳሌ በ1978 የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ነው። የዚህ ጨዋታ ሙዚቃ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ አራት ወፍራም ድምፆች ብቻ ናቸው። ወራሪዎቹ ቁጥራቸው እየቀነሰ እንቅስቃሴያቸው በፈጠነ መጠን አራቱ ድምፆችም አብረው ይፈጥናሉ፣ የተጫዋቹም ጭንቀት አብሮ ይጨምራል። እነዚህን አራት ድምፆች ለብቻቸው ነጥሎ ያደመጠ ሰው ዜማ ብሎ ለመጥራት እንኳ ሊያመነታ ይችላል። በጨዋታው ውስጥ ግን የተሰጣቸውን ሥራ አሳምረው ይሠራሉ።

የመሣሪያው አቅምም ሌላው ወሳኝ ጉዳይ ነው። ኒንቴንዶ በ1983 በጃፓን ለገበያ ያቀረበው የቤት ውስጥ መጫወቻ አምስት የድምፅ መስመሮች ብቻ ነበሩት። ሁለቱ ብዙውን ጊዜ ለዜማና ለአጃቢ ዜማ፣ ሦስተኛው ለወፍራሙ ድምፅ፣ ዜማ አልባ ሹክታ የሚያወጣው አራተኛው ለከበሮ መሰል ምት፣ አምስተኛው አጫጭር የተቀዱ ድምፆችን ለማጫወት ያገለግሉ ነበር። በዚያ ላይ የጨዋታው ልዩ ልዩ ድምፆችም የሚወጡት በእነዚሁ መስመሮች ነው፤ ማሪዮ በዘለለ ቁጥር የዝላዩ ድምፅ ከሙዚቃው አንዱን መስመር ለቅጽበት ይነጥቃል። ኮንዶ በ1985 የደረሱት ዜማ አንድ ክንዱ በየጊዜው እየተያዘበት እንኳ ሳይሰናከል እንዲፈስ ሆኖ የተሠራ ነው። የቀረው ጊዜ ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ ፍጥነቱ ጨምሮ ለተጫዋቹ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

መሣሪያዎቹ እየተራቀቁ ሲሄዱ ይህ የምላሽ ጠባይ ይበልጥ ረቂቅ ሆኗል። ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል የፈለሰፉት ሥርዓት በ1991 «መንኪ አይላንድ 2» በተሰኘው ጨዋታ ላይ ሲውል፣ ተጫዋቹ ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላው ሲሻገር ሙዚቃው ሳይቆረጥ ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው እንዲሸጋገር አስችሏል። የዘርፉ ተመራማሪ ካረን ኮሊንስ ለተጫዋቹ ቀጥተኛ ድርጊት ምላሽ የሚሰጠውን ድምፅ፣ በጨዋታው ሁኔታ መለወጥ ከሚለዋወጠው ድምፅ ለይተው ያስቀምጣሉ። ሁለቱንም ከጨዋታው ውጭ፣ በተቀዳ ቅጂ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

መደጋገምና ትዝታ

የሥነ ልቦና ሊቁ ሮበርት ዛየንስ በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች አንድን ነገር ደጋግመው በማየታቸው ወይም በመስማታቸው ብቻ የበለጠ ሊወዱት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ይህ ግኝት ለጨዋታ ሙዚቃ ምዘና ልዩ ትርጉም አለው። አንድ ደቂቃ ተኩል የሚፈጅ ዙር ያለማቋረጥ ቢሄድ በአንድ ሰዓት ውስጥ 40 ጊዜ ይደገማል። ጨዋታውን ለሳምንታት የተጫወተ ሰው ዜማውን የሰማው በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚሰጠው ነጥብ ዜማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማ ሰው ነጥብ ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይችልም።

ሆኖም መደጋገምን ፍርድ አዛቢ ብቻ አድርጎ መውሰድ ስህተት ይሆናል። ሁሉም ዜማ መደጋገምን አይችልም፤ አንዳንዱ በአሥረኛው ዙር ያሰለቻል፣ ተጫዋቹም ድምፁን ዘግቶ ጨዋታውን ይቀጥላል። ሺህ ጊዜ ተሰምቶ ያልሰለቸ ዜማ አቀናባሪው ዋናውን ፈተና ማለፋቸውን ይመሰክራል። ስለዚህ መደጋገም ምዘናውን የሚያደበዝዝ ነገር ቢሆንም ራሱም አንድ መመዘኛ ነው።

ከመደጋገም ጋር የተቆራኘው ትዝታ ነው። በ1989 ለእጅ መጫወቻው «ጌምቦይ» የተዘጋጀው «ቴትሪስ» ዋና ዜማ ለጨዋታው ተብሎ የተደረሰ አይደለም። «ኮሮቤይኒኪ» የተሰኘ የሩሲያ ባህላዊ ዘፈን ነው፤ ግጥሙ ኒኮላይ ኔክራሶቭ በ1861 ከጻፉት ግጥም የተወሰደ ሲሆን ታሪኩም ስለ አዟሪ ነጋዴዎች ነው። ለጨዋታው ያቀናበሩት ሂሮካዙ ታናካ ናቸው። ጨዋታውን የተጫወተ ሰው ዜማውን ሲሰማ የሚታየው ከላይ የሚወርደው ጡብ ነው፤ ዘፈኑን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሩሲያዊ ግን አዟሪውን ነጋዴ ያስታውስ ይሆናል። ዜማው አንድ ሆኖ ሳለ የሚቀሰቅሰው ትዝታ ሁለት ነው። ትዝታ የስሜትም የቅኝትም ስም በሆነበት ባህል ያደገ አድማጭ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በአንድ ቅኝት ብዙዎች ሲያዜሙ የምናወዳድረው የእያንዳንዱን አያያዝ ነውና። በ«ቴትሪስም» ረገድ ነጥብ ሰጪው የሚመዝነው የሕዝቡን ዜማ፣ የታናካን ቅንብር ወይስ የዜማውንና የጨዋታውን ጥምረት መሆኑን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

የብዙኃኑ ድምፅ

ምርጫን ለሌሎች ማካፈል የሌሎችን ምርጫ ይለውጣል። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንካን ዋትስ በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። 14,341 ተሳታፊዎች ካልታወቁ ባንዶች የተሰበሰቡ 48 ዘፈኖች ቀረቡላቸው። ከፊሎቹ ያለ ምንም ተጨማሪ መረጃ አዳመጡ፤ ሌሎቹ እርስ በርስ በማይገናኙ ስምንት ቡድኖች ተከፍለው፣ በየቡድናቸው እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተወሰደ እያዩ መረጡ። የሌሎችን ምርጫ ባዩት ዘንድ በታዋቂና ባልታወቁ ዘፈኖች መካከል ያለው ልዩነት ሰፋ፤ የትኛው ዘፈን እንደሚገንን አስቀድሞ መገመትም ይበልጥ አስቸጋሪ ሆነ። እጅግ ጥሩዎቹ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር አልወደቁም፣ እጅግ ደካሞቹም ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር አላሸነፉም፤ በመካከል ላሉት ግን ዕጣቸው በአጋጣሚ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

በጨዋታ ሙዚቃ ረገድ የብሪታንያው ሬዲዮ ጣቢያ «ክላሲክ ኤፍ ኤም» በየዓመቱ አድማጮቹን ድምፅ እያሰጠ የሚያወጣው የክላሲካል ሙዚቃ ዝርዝር ጥሩ ማሳያ ነው። በ2012 ኖቡዎ ኡኤማትሱ ለ«ፋይናል ፋንታሲ 7» ከደረሷቸው ሥራዎች አንዱ የሆነው የኤሪስ ዜማ 16ኛ ሆነ። በ2013 ደግሞ የ«ፋይናል ፋንታሲ» ሙዚቃ 3ኛ፣ የ«ኤልደር ስክሮልስ» ሙዚቃ 5ኛ ደረጃ ያዘ። ለውጤቱ የጨዋታ ሙዚቃ ወዳጆች ያካሄዱት የተቀናጀ ቅስቀሳ አስተዋጽኦ አድርጓል። ይህን አይቶ ውጤቱን ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ሙዚቃውን በእርግጥ ይወዱታል። ሆኖም ዝርዝሩ ከሙዚቃው ደረጃ በተጨማሪ የወዳጆቹን መደራጀትም እንደሚናገር መታወቅ አለበት።

የዳኞች ሚዛን

የባለሙያ ዳኞች ምርጫም ከራሱ ዝንባሌ ነፃ አይደለም። የግራሚ ሽልማትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው የጨዋታ ሙዚቃ ክሪስቶፈር ቲን ለ«ሲቪላይዜሽን 4» የደረሱት «ባባ ዬቱ» ሲሆን፣ ግጥሙ በስዋሂሊ ቋንቋ የተነገረው አቡነ ዘበሰማያት ነው። ጨዋታው የወጣው በ2005 ቢሆንም ሽልማቱ የተሰጠው በ2011፣ ዜማው በአቀናባሪው የግል አልበም ውስጥ ከወጣ በኋላ ነበር። ኦስቲን ዊንቶሪ ለ«ጆርኒ» የደረሱት ሙዚቃ ከፊልም ሙዚቃዎች ጋር ለግራሚ የታጨው በ2012 መጨረሻ ነው። ለጨዋታ ሙዚቃ ራሱን የቻለ የሽልማት ዘርፍ የተከፈተውና ስቴፋኒ ኤኮኖሙ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ የሆኑት በ2023 ነው።

ከዚህ ቅደም ተከተል እንደሚታየው፣ ቀድሞ ዕውቅና የሚያገኘው ዳኛው አስቀድሞ የሚያውቀውን የሚመስለው ሥራ ነው። «ባባ ዬቱ» መነሻና መድረሻ ያለው፣ በመዘምራንና በኦርኬስትራ የሚቀርብ የተሟላ ዝማሬ ነው። ጥበቡ በምላሽ ሰጪነቱ ላይ ያረፈ ሙዚቃ ግን በኮንሰርት አዳራሽ አይታይም። ጉዳቱ ከሽልማት ማጣት ያለፈ ነው። የተቀዳ ዘፈንን ለማቆየት ቅጂውን ማስቀመጥ ይበቃል፤ እንደ ተጫዋቹ አካሄድ የሚለዋወጥ ሙዚቃን ለማቆየት ግን ጨዋታውና የሚያስኬደው መሣሪያ አብረው መቆየት አለባቸው። በነጥብ ዝርዝር ላይ ዝቅ ያለ ሥራ ለዚህ ድካም የሚበቃ ተደርጎ ላይታሰብ ይችላል። የደራሲዎች ስምም እንዲሁ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የጃፓን አቀናባሪዎች በጨዋታው ላይ የሚጻፉት በቅጽል ስም ነበር፤ የ«ስትሪት ፋይተር 2»ን አብዛኛውን ሙዚቃ የደረሱት ዮኮ ሺሞሙራ አንዷ ናቸው። ዜማ የሚያካፍል አድማጭ የደራሲውን ትክክለኛ ስም አብሮ ቢጽፍ ይህን ጉድለት በመጠኑ ያቃናል።

አራት ጥያቄዎች

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች በአንድ ድምር ነጥብ ፈንታ አራት ጥያቄዎችን ለየብቻ መመለስ የተሻለ ነው።

1. ሙዚቃው ለብቻው ሲደመጥ ምን ያህል ያረካል?
2. ሲደጋገም ይሰለቻል ወይስ ይጸናል?
3. በጨዋታው ውስጥ ለሚሆነው ነገር ምን ያህል ይመልሳል፣ ለተጫዋቹስ ምን ይነግረዋል?
4. በጊዜው ከነበረው መሣሪያ አቅም አንጻር ምን ተሠራበት?

አራቱ ሲለያዩ ሥራዎቹ በእውነተኛ መልካቸው ይታያሉ። «ስፔስ ኢንቬደርስ» በመጀመሪያው ጥያቄ ዝቅተኛ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ከፍተኛ ይሆናል። «ባባ ዬቱ» በመጀመሪያው ይልቃል፤ ሦስተኛው ጥያቄ ግን እምብዛም አይመለከተውም። የ«ሱፐር ማሪዮ» ዜማ በአራቱም የሚቆም በመሆኑ በመዝገቡ ቀዳሚ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ሦስቱ አማካይ ነጥባቸው ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል፤ አማካዩ ግን በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ሁሉ ይደብቃል።

አሠራሩንም በተመለከተ ሦስት ቀላል ጥንቃቄዎች ይጠቅማሉ። መዛኙ የሌሎችን ነጥብ ከማየቱ በፊት የራሱን ይጻፍ፤ ጨዋታውን ተጫውቶት እንደሆነና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ይግለጽ፤ ከመዛኞቹም መካከል ጨዋታውን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ይኑር። በሁለቱ ወገኖች ነጥብ መካከል የሚታየው ልዩነት ከዜማው ምን ያህሉ በጨዋታው እንደተገነባ በግምት ይጠቁማል።

ማጠቃለያ

የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃን ማካፈልና መመዘን ጥበቡን በሕይወት ከሚያቆዩት መንገዶች አንዱ ነው። ምዘናው ዋጋ የሚኖረው ግን ስለ ሥራው፣ ስለ መዛኙና ስለ ብዙኃኑ የሚናገረው ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ትዝታ ከፍርድ ውስጥ ተጠርጎ መውጣት የለበትም፤ ብዙዎች ከዚህ ሙዚቃ ጋር የተዋደዱት በእርሱ በኩል ነውና። የሚያስፈልገው ትዝታ በስሙ ተጠርቶ በራሱ ዓምድ መጻፉ ነው። ያን ጊዜ አራቱ ወራጅ ድምፆችም ከታላላቆቹ ዝማሬዎች ጎን፣ በራሳቸው ሚዛን ተመዝነው፣ ቦታቸውን ያገኛሉ።