እምቦጭ ለማሽላ

እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ስሙ የሚነሳው ከዘመቻ ጋር ነው። ሰው ውኃ ውስጥ ገብቶ ይነቅለዋል፤ ዳር ላይ ይከመራል። ክምሩ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን እምብዛም አይወራም።

አረሙ በሥሩ የሚስበው ከየማሳው ታጥቦ ሐይቅ የገባውን ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ነው። በተመቸው ቦታ በሁለት ሳምንት ግድም እጥፍ ይሆናል። የደምቢያ ወይም የፎገራ ገበሬ እምቦጭ ሲያበሰብስ ጎርፍ የወሰደበትን ከፊሉን እያስመለሰ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይጠወልጋል፤ ከመቶ ኪሎ እርጥብ እምቦጭ 95ቱ ያህል ውኃ ነውና። ከዚያ ተከትክቶ ከእበት፣ ከጭድ፣ ከአመድና ከአፈር ጋር ይነባበራል። ቁልሉ መሐል ዘንግ ይሰካል። ከቀናት በኋላ ሲመዘዝ ጫፉ የሚፋጅ ከሆነ ብስባሹ ሥራ ጀምሯል። ሙቀቱ ለቀናት ከ55 ዲግሪ በላይ ካልቆየ ዘሩ ስለማይሞት፣ የዳሩ ወደ መሐል እንዲገባ ይገላበጣል። ይህን የዘለለ ሰው አረም ዘራ እንጂ ማዳበሪያ አልሠራም።

ይህ ብስባሽ (ኮምፖስት) ለዋግ ኽምራ ገበሬስ ይበጃል? የሰቆጣ ዙሪያ ተዳፋት አፈሩ ስስ ነው፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፣ ጭዱን ከብት ይበላዋል። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጂን ሲሆን ጥሩ ኮምፖስት ከ2 ብዙም አያልፍም። የአንድ ኩንታል ዩሪያን ናይትሮጂን ለማግኘት ከ20 ኩንታል በላይ ኮምፖስት ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ኮምፖስት እርጥበት ይይዛል፤ ዝናብ ቀድሞ በሚያቋርጥበት አገር ለማሽላው ይኼ ከናይትሮጂኑ አያንስም።

እምቦጩን ከጣና ጭኖ ማምጣት ግን አይታሰብም። ጭነቱ ውኃ መሆኑ ሳያንስ፣ ከዋግ ሥር የተከዜ ወንዝ አለ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ያቆረው ሐይቅ ለአበርገሌና ለዝቋላ ወጣቶች የዓሣ ማስገሪያ ሆኗል። ከጆንያ ያመለጠች አንዲት እርጥብ ቅንጣይ ሐይቁን ለመውረር ትበቃለች። የቆቃ ሐይቅ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከዚሁ አረም አልተላቀቀም።

ስለዚህ ከጣና ወደ ዋግ የሚሻገረው አሠራሩ ይሁን። ቁልሉ ውስጥ የሚገባው አረም ከራስ ማሳ የታረመ፣ ዘር ሳያፈራ የተነቀለ ቢሆን ይበቃል።